ከሳጥን የጠፋችው ስድስት ጎራሽ

ሕዝቅኤል ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳጥኑን ሲከፍት ሽጉጧ የለችም። ቁልፉ አልተሰበረም፣ ልብሱ አልተበረበረም። የምትጠቀለልበት ጨርቅ ብቻ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ብው አለ።

«ሳምራ፣ ይሄን ሳጥን ማን ነካው?» ሲል ሚስቱን ጠየቀ።

«እኔ እንጃ» አለች ከጓዳ ሳትወጣ።

ሽጉጧ የድሮ ዘመን ስድስት ጎራሽ ተመስላ በቅርብ የተሠራች ናት። ጥይቷ ከስክሪፕቶ ክዳን አትበልጥም። አባቱ በሕይወት ሳሉ ገዟት፤ ሲሞቱ ፈቃዱ በታላቅየው በሕዝቅኤል ስም ዞረ። ሰው መጫወቻ ነው እያለ ይስቅባታል፤ ይሳቅ፣ እሱ ይወዳታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከታናሽ ወንድሙ ከነአምን ጋር ከየካ ሽቅብ ይወጡና፣ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ አልፈው፣ አጎታቸው ይዞታ ውስጥ ባለ የተተወ የድንጋይ ካባ የድልህ ቆርቆሮ ደርድረው ይተኩሳሉ። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ይኸው ብቻ ነው።

ነአምን ደግሞ ኢላማ አይስትም። ሕዝቅኤል አፍ አውጥቶ አይናገረውም እንጂ ይሄ ነገር አንጀቱን ያሳርረዋል።

ያለፈው ቅዳሜ ተጣልተው ነው የተለያዩት። «ሽጉጧ የሁለታችንም ናት፣ አንዳንዴ እኔም ጋ ትደር» አለ ነአምን።

«ፈቃዱ በማን ስም ነው?»

ነአምን ቀለሆቹን ከመሬት እየለቀመ፣ «እሺ። አንድ ቀን ሳጥንህን ከፍተህ ታጣታለህ» አለው።

ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ሕዝቅኤል ትራስ ሥር ነው፣ ሌላው ነአምን ዘንድ። ከዚህ ወዲያ ሌባ ፍለጋ መንከራተት ምን ያደርጋል።

ስልኩን ሲፈልግ ሳምራ ውሃ ውስጥ እንደጣለችበት ነገረችው። እንዲደርቅ ብላ ሩዝ ውስጥ ቀብራዋለች። «ነገ ይሠራል» አለች። ጮኾባት በማያውቀው አጯጯህ ጮኸባት። ዓይኗ ቀልቶ ሲያይ ጥፋቷ ገባት ብሎ ትንሽ ቀለል አለው።

ጎረቤታቸው ጋሽ ተክሌ ሱቅ ሄደና ስልክ እንዲያውሱት ለመነ። «ካርድ ጨርሻለሁ» አሉ ሽማግሌው። ካርዱ ከጀርባቸው በረድፍ ተሰቅሏል። «ወዴት ልትሄድ ነው?»

«ወሰን፣ ነአምን የሚሠራበት ጋራዥ። ዛሬ እኔና እሱ እንተዋወቃለን።»

«ዛሬን ተወው ልጄ። ነገ ይደርሳል።»

«እርስዎም ለሱ ያደላሉ?» ብሎ ጥሏቸው ሄደ።

መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይሮ ወሰን ሲደርስ የጋራዡ ባለቤት ሌንጮ በሩን እየቆለፈ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ቀን። ቱታውን አውልቆ ኮት ለብሷል።

«ነአምንስ?»

«የለም» አለ ሌንጮ መሬት መሬቱን እያየ። «ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል።»

«ሽጉጤን ይዞ?»

ሌንጮ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሕዝቅኤል ይሄኔ ነገሩ ሁሉ ሸተተው።

«የካ አባዶ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ። ካልከፈተ በሩን እሰብራለሁ።»

ሌንጮ ክንዱን ለቀም አደረገው። «አባዶ አትሂድ፤ ማንም የለም። ና መኪና ውስጥ ግባ፣ ቤትህ ላድርስህ። ነገ በጠዋት ነገሩ ሁሉ ግልጽ ይሆናል።»

ሁሉም ነገ ይላሉ። ተመካክረዋል ማለት ነው። ነአምን ሽጉጧን እስኪያሸሽ ድረስ እሱን እንደ ሕፃን ያዘናጉታል። መንገዱን ሙሉ ወንድሙን ሲሰድብ ሄደ፤ ሌባ አለው፣ ምቀኛ አለው፣ የአባቱን ቤት ያዋረደ አለው። ሌንጮ መሪውን ጨብጦ ፊት ፊቱን እያየ ነዳ።

ቤት ሲደርስ ሳምራ ምግብ አቀረበች። እሷ አልቀመሰችም። «ብላ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላ» እያለች ታጎርሰዋለች። መደለያ መሰለው። ማታ ደግሞ ጋሽ ተክሌ ሳይጠሩ መጥተው ስለ ውሃ መጥፋት ሲያወሩ አመሹ። ቴሌቪዥን ልክፈት ቢል ራሴን አሞኛል አሉት። ጭራሽ ዘብ ተቀመጡብኝ ብሎ ጥርሱን እንደነከሰ ተኛ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። መጣልኝ ብሎ ጋቢውን እንኳ ሳይደርብ ዘሎ ወጣ።

ነአምን አይደለም። ጋሽ ተክሌ፣ ሌንጮ፣ አጎቱና የሰፈሩ አዛውንቶች ደጁን ሞልተውታል። ጥፋተኛው ራሱ መጥቶ እግሩ ላይ ከመውደቅ ሽማግሌ ልኮበታል። ደሙ ፈላ።

«ለሱ ልታማልዱ ከሆነ የመጣችሁት በከንቱ ደከማችሁ» አለ። «ሌባ ነው። ዓይኑን ማየት አልፈልግም። ከእንግዲህ ነአምን የሚባል ወንድም የለኝም።»

ሳምራ ከኋላው መጥታ ክንዱን ያዘችው።

«ሽጉጧን ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለች። «ፈርቼልህ ነው።»

«ምኑን ነው የፈራሽልኝ?» ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ነአምን ትናንት ጠዋት መኪና ገጭቶት አርፏል።»