የኪንሲ ጥያቄ

ወልደጻድቅ ለልጆች በተሠራች ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጣጥፎ እንደተቀመጠ፣ ያንኑ ጥያቄ ለአራተኛ ጊዜ ጠየቃት።

«ኪንሲ፣ ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?»

ልጅቷ የአሻንጉሊቷን ጫማ አወለቀችና መልሳ አጠለቀችላት።

ያሉባት ክፍል ከችሎቱ አዳራሽ ጎን ናት። ግድግዳዋ ላይ ቀጭኔ ተስሎባታል፤ ጥግ ላይ ካሜራ ተሰቅሏል። ልጆች ዳኛ ፊት ቆመው እንዳይርበተበቱ እዚህ ሆነው ይናገራሉ፣ ዳኛዋ ወዲያ አዳራሹ ውስጥ በስክሪን ታያቸዋለች። ችሎቱ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

ወልደጻድቅ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በጉምሩክ ጉዳይ የተከራከረ ጠበቃ ነው። ስለተያዘ ጭነት ከሆነ ድሬ ዳዋ ውስጥ የሚስተካከለው ብዙ የለም። ለልጅ ሲቆም ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ጠበቃ ሁሉ በየዓመቱ አቅም ለሌለው ሰው በነፃ መቆም አለበትና፣ ዘንድሮ ለእሱ የደረሰችው ይህች የአሥር ዓመት ልጅ ሆነች።

አባቷ ገና ሳትወለድ ነው የሞተው። እናቷ ካረፈች አምስት ወሯ ነው። ከዚያ ወዲህ የያዘቻት የእናቷ ጓደኛ ዳሃቦ ናት፤ ቀፊራ ገበያ የግመል ወተት ትሸጣለች፤ በሥጋ ግን አትዛመዳትም። በሥጋ የሚዛመዳት የእናቷ ወንድም ዐብዲሰላም ነው፤ ጅግጅጋ የሚኖር የከባድ መኪና ሾፌር። ሁለቱም እኛ እናሳድጋት ብለው ቀርበዋል። ሕጉ የሚያስቀድመው አጎትን ነው፤ የልጅቷም ቃል ግን መሰማት አለበት። ኪንሲ ዝም ካለች ጉዞዋ ወደ ጅግጅጋ ነው።

ወልደጻድቅ ዳሃቦ ቤት ሦስት ጊዜ ሄዷል። በር ላይ ቆሞ ዳሃቦና ኪንሲ ውስጥ ሲሳሳቁ ሰምቷል። ልጅቷ የት መኖር እንደምትፈልግ የገመተው ያኔ ነው፤ ሦስት ገጽ መከራከሪያም ጽፏል። ግን ግምት ነው። ይህን ነገር ባነሳባት ቁጥር ልጅቷ ጥርቅም ትላለች።

«ጋሽ ወልደጻድቅ» አለችው ማርቲ፣ የፍርድ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንደ ምስክር እኮ ነው የሚጠይቋት። እስቲ እሷ ትጠይቅዎት።»

እሱም ከወንበሩ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና፣ ካሁን በኋላ እንደማይጠይቃት፣ እሷ ግን ማወቅ የምትፈልገው ነገር ካለ እንደሚመልስላት ነገራት።

ኪንሲ አሻንጉሊቷን አስቀመጠች።

«ዳኛዋ ዳሃቦ ጋር ሁኚ ካለችኝ» አለች፣ «አብቲ አጎቴ መሆኑ ይቀራል?»

አብቲ የምትለው ዐብዲሰላምን ነው፤ በሶማሊኛ የእናት ወንድም እንዲያ ነው የሚጠራው።

«ለምን ይቀራል?»

«እምቢ አለችኝ ብሎ ይተወኛላ። ሲስቅ እናቴን ይመስላል። ሌላ እሷን የሚመስል ሰው የለኝም።»

ወልደጻድቅ መነጽሩን አወለቀ። ለአምስት ወር አፏን ለጉሞ የያዛት ይህ ኖሯል። ብዙ ነጋዴ ብዙ ነገር ጠይቆት ያውቃል፤ እንዲህ ጥርት ያለ ጥያቄ የጠየቀው ግን አልነበረም። ደስ የሚለው ደግሞ መልሱን ማወቁ ነው።

«ስሚኝ» አላት። «ዳኛዋ የምትወስነው የት እንደምታድሪና ማን ትምህርት ቤት እንደሚያስመዘግብሽ ነው። አጎትን ከአጎትነቱ የሚያወርድ ፍርድ ቤት የለም።»

«አንተ ታስጽፈዋለህ?» አለችው። የድሬ ልጅ ናት፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምትለው።

«አስጽፈዋለሁ።»

ችሎቱ ሲጀመር ወልደጻድቅ ወደ አዳራሹ ገባ። ኪንሲ በስክሪኑ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ፣ ዳሃቦ ጋር መኖር እንደምትፈልግ፣ አጎቷንም እንደምትፈልግ ተናገረች፤ ስለ ሳቁም ሳይቀር። ወልደጻድቅ ሦስቱን ገጽ ከቦርሳው አላወጣም። ቆሞ የተናገረው አጭር ነበር፤ ደንበኛው ሁለት ነገር እንደጠየቀች፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል፣ ሁለቱም በትእዛዙ ላይ እንዲሰፍሩላት።

ዳኛዋ ዐብዲሰላምን አስተያየቱን ጠየቀችው። ረጅሙ ሰውዬ ወደ ስክሪኑ እያየ ተነሣ። ከዚያ በወር ሃያ ቀን መንገድ ላይ እንደሆነ፣ የእህቱን ልጅ ለባዳ ሰጠ እንዳይሉት ፈርቶ እንደቀረበ ተናገረ። «የጠላችኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ትምህርት ሲዘጋ እኔ ጋር ትምጣ። ሌላ አልጠይቅም።»

ዳሃቦ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ በሶማሊኛ አንድ ነገር አለችው። አስተርጓሚው፣ በፈለገበት ቀን መጥቶ ቤቷ ይግባ ማለቷ ነው ሲል አስረዳ።

ዳኛዋ ውሳኔውን ልታሰማ ወረቀቷን አነሣች። አንዴ ወደ ስክሪኑ አየችና ገታ አለች። ኪንሲ ምንጣፉ ላይ፣ ጭንቅላቷን ማርቲ ጭን ላይ አድርጋ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። ማርቲ ወደ ካሜራው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

በመካከሉ ግድግዳ አለ፤ የአዳራሹ ድምፅ ወደ ልጆቹ ክፍል አያልፍም። ዳኛዋ ግን ዳሃቦን አሳዳሪ፣ ዐብዲሰላምን እየመጣ የመጠየቅ መብት ያለው አጎት ያደረገውን ትእዛዝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በለሆሳስ አነበበችው። ጸሐፊዋም ቁልፎቹን ቀስ እያለች ትነካ ነበር። አልቆ ሲነሡ ማንም ወንበር አልጎተተም፤ ዐብዲሰላም ያን ሁሉ ቁመቱን ይዞ፣ በእግሩ ጣት እየተራመደ፣ ወደ ልጆቹ ክፍል ሄደ።