በመደቡ ዙሪያ ያሉት ቀያይ ድንጋዮች

«ሐርጌሳን ሙሉ ቢዞሩ የእኔን የሚያህል የቲማቲም መደብ አይገኝም!» አለች ሂቦ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ከስደት የተመለሱበት ቤት ገና ጣሪያ የለውም፤ ጓሮው ግን ለምልሟል። አረሙን ነቅላ፣ ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፍና፣ ፍሬው ሲከብድ እንዳይወድቅ እያንዳንዱን ግንድ ከእንጨት ጋር በጨርቅ ቁራጭ አስራዋለች። የቀራት የአክስቷን ምስጋና መስማት ብቻ ነበር።

አክስቷ ኤዶ ሳዶ ውኃ የሞላ ጀሪካን ተሸክማ መጣች። ቲማቲሙን ግን አላየችም። ዓይኗ መደቡን በከበቡት ቀይ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች ላይ ቀረ። ጀሪካኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችና አንዱን አነሳች።

«ከየት አመጣሻቸው?»

«ከጎረቤት ካለው ባዶ ቦታ። ባለቤት የላቸውም። አያምሩም፣ ኤዶ?»

«ፈንጂ አምካኞቹ መጥተው ሲያስረዱ የት ነበርሽ?»

«ቲማቲም ሳስር።»

ኤዶ ሳዶ ወደ ባዶው ቦታ ዞረች። ‹ፈንጂ አለ፣ ከዚህ አትለፉ› ተብሎ ከተደረደረው ምልክት አንድም አልቀረም። ዝናብ ባራሰው አፈር ላይ የሚታየው የሂቦ ባዶ እግር ዱካ ብቻ ነበር፤ የሄደችበትም፣ የተመለሰችበትም።

ሂቦ ዱካዋን አይታ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ቲማቲሙ ግን...» አለች።

«ቲማቲምሽን ፍየል ይብላው! እኔ አምካኞቹን እስክጠራ አንቺ መንገዱ ላይ ቁሚና ማንም እንዳያልፍ ጩኺ። በጩኸት እንደሆነ፣ እውነትም ሐርጌሳን ሙሉ ቢዞሩ አንቺን የሚያህል የለም።»