የመምህር የኔሰው ማሽን

ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ማሠልጠኛ፣ መምህር የኔሰው ዕጩ መምህራንን በፕሮጀክተር ማስተማር ያሠለጥናሉ። ማሽኑ ውድ ነው። ስለዚህ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ይኖራል፤ ቁልፉም ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ።

ሥልጠናው በጠመኔ ነው። መምህሩ ማሽኑን ሰሌዳው ላይ አሳምረው ይስሉታል። ሠልጣኞች ደብተራቸው ላይ ይገለብጡና የሳሉትን ቁልፍ በጣታቸው ይጫናሉ። በርቷል ወይ ሲሏቸው፣ በርቷል ይላሉ። መብራት ሲጠፋ መብራት የለም፤ ሲመጣ ደግሞ ኃይሉ አይታመንም። እንዲህ እየተባለ በሦስት ዙር መቶ ሰማንያ መምህር ተመርቆ ወደ ጽጽቃም ወደ አምደወርቅም ሄዷል።

ጽዳት ሠራተኛዋ ውዴ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። ልጇን አዝላ ኮሪደር ስትወለውል ሥልጠናው ጆሮዋ ይገባል፤ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ከተመራቂዎቹ እኩል ታውቃለች። አንድ ቀን ሲበራ ባየሁት ብላ ጠይቃም ነበር።

"አንቺ ወለሉን አብሪ" አሏት መምህሩ።

ዓርብ ዓርብ ዕቃ ቤቱን ከፍተውላት ትጠርጋለች። ባለፈው ዓርብ ዝናብ ነበር። ጣሪያው እንደሚያፈስ ስትነግራቸው፣ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ እሺ እሺ አሉ።

ሰኞ ወይዘሮ ሰርካለም የሚባሉ ተቆጣጣሪ መጡና ማሽኑ ሲሠራ ልይ አሉ። ዕቃ ቤቱ ተከፈተ። የማሽኑ ካርቶን የለም።

ጥበቃው ካሤ ከዓርብ ጀምሮ ምላሱን ሲበላው ነበር።

"ውዴ አንድ ልጅ አዝላ ገብታ ሁለት አዝላ ወጥታለች" አለ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ኮንትራቷ የሚያልቀው በዚህ ወር ነው፤ ልጇን የምታሳድገው በዚችው ሥራ ነው።

"ያፈስበት ነበር እኮ" አለች ቀስ ብላ። ከመጥረጊያ ማስቀመጫዋ በላስቲክ የተጠቀለለውን ካርቶን አወጣች።

መምህር የኔሰው አልረኩም። የጽዳት ሠራተኛ እጅ የነካው ማሽን ምን እንደሚሆን እሳቸው ያውቃሉ።

"ሐሙስ በገዛ እጄ አብርቼው ግድግዳው ቀን መስሎ ነበር" አሉ። "ዛሬ ባይሠራ ያበላሸችው እሷ ናት። መክፈትም አያስፈልግ፤ ይጻፍና ትሰናበት።"

ሠልጣኞቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሚገባ ሠልጥነዋል።

ወይዘሮ ሰርካለም ላስቲኩን ፈቱ። ካርቶኑን ከላይም ከታችም በጣታቸው ዳሰሱትና ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"ውዴ፣ እስቲ ምላጭ ፈልጊልኝ፤ ፋብሪካው ያሸገበት ፕላስተር ገና አልተቀደደም።"