የዓሦቹ ምስክርነት

የጨርቅ ማቅለሚያው ባለቤት በወረቀት የማያምን ሰው ነበር። የከተማውን ፍሳሽ አጣርቶ ለፋብሪካ የሚያቀርበው ጣቢያ የላብራቶሪ ውጤቱን ቢዘረጋለት፣ እንደ ሰርግ መጥሪያ ገልበጥ አድርጎ አየና መለሰው።

"እኔ ቁጥር አላውቅም። ዓሣ ክተቱበት። ሳምንት ከኖረ እፈርማለሁ፤ ከሞተ ግን ያ ውሃ ጨርቄን አይነካትም።"

ሰውዬው ውሃ ቸግሮታል። የቧንቧው ክሎሪን፣ ያ ተባይ ገዳዩ መድኃኒት፣ ቀለሙን እያነጣበት፣ ቀዩን ጨርቅ የበሽተኛ ፊት እያስመሰለበት፣ ከሩቅ ወንዝ በቦቴ ነው የሚያስመጣው። ጣቢያውም ቢሆን ጨንቆታል፤ ውሉ ካልተፈረመ ላብራቶሪው ይዘጋል ተብሏል። ላብራቶሪው ማለት ደግሞ አንዲት ሴት ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሳሽ ላይ ያፈጠጠች ባለሙያ።

ባለሙያዋ አምስት ቀያይ ዓሦች ገዛች። የመስታወት ሳጥን በተጣራው ውሃ ሞልታ መግቢያው ላይ አስቀመጠቻቸው። በማግስቱ ቀትር ላይ አምስቱም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፈፉ።

"አፈር ልብላላችሁ!" አሉ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ፣ እንባቸውን በወለል መወልወያው ሊጠርጉ ቃጥቷቸው። "እነዚህ ደግሞ ማንን በደሉ?"

ባለሙያዋ ከትልቁ ማጠራቀሚያ ውሃ ቀድታ መረመረች። እንከን አልተገኘበትም። ሌላ አምስት ገዛች። እነሱም የማግስቱን ቀትር አላለፉም።

ያን ጊዜ ነው የቦቴው ሾፌር ትዝ ያላት። ውሉ ከተፈረመ እንጀራው የሚዘጋው የእሱ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ዓይኑን በጨው ታጥቦ በየቀኑ ብቅ እያለ፣ "ዓሦቹ እንዴት ዋሉ?" ይላል። እንዲህ ያለ ሰላምታ ከደግ ሰው አይወጣም።

"እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ወደ ሳጥኑ ድርሽ እንዳይል!"

"እኔ በቁሜ እያለሁ? ማልጄ ስገባ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው፣ ልጄ። ከወለድኳቸው ለይቼ አላያቸውም።"

ሦስተኛዎቹ አምስት ተገዙ። የማቅለሚያው ባለቤት "ይሄ የመጨረሻ ነው" አለ። ባለሙያዋ ወንበሯን ከሳጥኑ ጎን ስባ ሾፌሩን ስትጠብቅ ዋለች። መጣም። ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ ሲያወጣ ዘላ እጁን አፈፍ አደረገችው።

"እጅ ከፍንጅ! ምንድን ነው ይሄ?"

"የሳል ሽሮፕ ነው፣ እህቴ።"

"ውሸታም!" ብላ ክዳኑን ከፍታ ተጎነጨችው። የሳል ሽሮፕ ነበር።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ሾፌሩ በአካባቢው ሳይደርስ፣ ዓይኗ እያየ አምስቱም አንድ በአንድ ተገለበጡ። የማቅለሚያው ባለቤት ተጠርቶ መጣና ሳጥኑ ላይ አጎነበሰ።

"ሲያዩትስ ጥርት ያለ ውሃ ነበር፤ ምን ያደርጋል!" ብሎ ብዕሩን ኪሱ ከተተ።

ባለሙያዋ እዚያው ተዘርፍጣ አለቀሰች። የሦስት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ። እትዬ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው አቀፏት።

"አይዞሽ፣ ልጄ። ዕድሜያቸው ቢያልቅ ነው እንጂ ያንቺ ውሃስ ምን አደረጋቸው? ያንን የፍሳሽ ውሃ እኮ ጠዋት ጠዋት እየደፋሁ፣ ከቧንቧ ንጹሑን ስሞላላቸው ነው የከረምኩት።"