ጎድጓዳው መስታወት

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን አረፋ ቀብቶ መስታወቱ ከተሰቀለበት ግድግዳ ራቅ ብሎ ምላጩን ሲስል፣ ታናሽ ወንድሙን በጎድጓዳው መስታወት ውስጥ አየው፤ ተዘቅዝቆ፣ መዶሻ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ትናንት በአባታቸው ቤት ተጣልተው፣ ታናሽየው «ደምህን ካልጠጣሁ የአባቴ ልጅ አይደለሁም!» ብሎት ነበር። መስታወቱ ቀርበው ሲያዩት ፊት ያገዝፋል፣ ርቀው ሲያዩት ሰው ይዘቀዝቃል። ደንበኞቹን «ራቅ ብላችሁ አትዩት፣ በቁማችሁ ይደፋችኋል!» እያለ የሚያስቃቸው ራሱ ነበር።

«ግባ፣ የእናቴ ልጅ» አለው ሳይዞር፤ ቢዞር የሚያስቆጣው መስሎት። መስታወቱ ውስጥ መዶሻ የያዘው እጅ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። ልብ የወደደውን ያያልና፣ ፀጉር አስተካካዩ የመስታወቱን አመል ረሳ። «ተመስገን፣ ራራልኝ» አለ በሆዱ። ከአገጩ ስር ያለውን ጢም ሊላጭ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ሲል፣ የወንድሙ ኮቴ ከኋላው ቀረበ።

ወደ መስታወቱ ሲጠጋ ምስሉ ሟሟ፣ ደበዘዘ። ይበልጥ ሲጠጋ ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የራሱ ፊት ገዝፎ፣ ከማጅራቱ ኋላ ወንድሙ፣ ከወንድሙም ራስ በላይ መዶሻው።

እጁ አልወረደም ነበር። አሁን ወረደ።