ነጩ ስፖንጅ

ታምራት ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየዋል። የክሎሪን መመርመሪያዋ ክኒን ሟሙታ አልቃለች፤ ውሃው ግን ቀለሙን አልለወጠም። ክሎሪን የለበትም ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ከመጀመሪያው ጠርሙስ ስም፣ «ክሎሪን ማጥፊያ» ከሚለው፣ ትይዩ «እዚህ አያስፈልግም» ብሎ ይጽፋል።

የጥርስ ክሊኒኩ ውሃ የሚመጣው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው። የቧንቧው ተራ እስኪደርስ አራት አምስት ቀን ሲቀመጥ ክሎሪኑ በራሱ ተንኖ ያልቃል። ታምራት ይህን ሳይመረምርም ያውቃል፤ የሶዶን ውሃ መመርመር ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። ቢሆንም ያላየውን አይጽፍም።

ዶክተር ጉልላት የዓሣ ገንዳውን ያስገቡት፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው የመሰርሰሪያውን ድምፅ ትቶ ዓሣ እንዲያይ ነው። አምስት ዓሣዎች ነበሩ። ከወላይታ ዘመን መለወጫ ከጊፋታ በዓል ወዲህ አራቱ ሞቱ፤ አምስተኛው አሁን ባልዲ ውስጥ ነው። ጠዋት ታምራትን ሲቀበሉት፣ ይህ ዓሣ ከታካሚዎቼ ሁሉ የበለጠ መድኃኒት ወስዷል ብለው ቀለዱ። ቀጥሎ ያሉት ግን ቀልድ አልነበረም። ለገንዳው የገዟቸው ሦስት ጠርሙሶች የማይረቡ ከሆኑ ለሻጩ ይመልሷቸዋል። ደህና ከሆኑ ጥፋቱ ገንዳውን የሚያጸዳው እጅ ነው፤ እጁን ይቀይራሉ።

ዓመለወርቅ ይህ ሲባል ጨርቋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ክሊኒኩን የምታጸዳው እሷ ናት፤ ገንዳውንም እንደዚያው። በዕድሜ የታምራትን እናት ታክላለች። አሁንም ከበሩ አልተነቃነቀችም።

ሁለተኛው ጠርሙስ የደፈረሰ ውሃ ያጠራል። ታምራት ትንሽ አፈር በበጠበጠበት ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጠብታ ያደርጋል፤ አፈሩ እየተሰበሰበ ይዘቅጣል። «ይሠራል፤ ጥቅሙ ለሰው ዓይን ነው» ብሎ ይጽፋል። አግዳሚው ላይ የተቀመጡ፣ ከገሱባ የመጡ ጉንጫቸው ያበጠ ሽማግሌ አፋቸውን በነጠላ እንደሸፈኑ፣ ዓሣው ይበላል ወይ ብለው በወላይታቶ ይጠይቃሉ። አይበላም ይላቸዋል። ታዲያ ምን ያደርጋል ይላሉ።

ሦስተኛው ጠርሙስ ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎች የያዘ ነው። ማጣሪያው ላይ ሰፍረው የዓሣውን ቆሻሻ እየበሉ ውሃው እንዳይመርዘው ያደርጋሉ። ጊዜው አላለፈበትም። በአንድ ጠዋት ግን ሊፈረድበት አይችልም። ታምራት ቢያንስ የሚሰፍሩበትን ቦታ ለማየት የማጣሪያውን ስፖንጅ ያነሳል።

ስፖንጁ ዛሬ የተገዛ ይመስል ነጭ ነው። ሦስት ወር የሠራ ስፖንጅ ቡናማ መሆን ነበረበት፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ የሚያዳልጥ።

ማን እንደሚያጥበው ይጠይቃል። ዓመለወርቅ ፊቷ ይፈታል። በየቅዳሜው እሷ ናት የምታጥበው። ለጊፋታ ያላጠበችው ነገር አልነበረም፤ የቤቷን ጨርሳ የክሊኒኩን ቀጠለች፤ ስፖንጁንም እንደ ጋዋኖቹ በበረኪና ዘፈዘፈችው። ዶክተሩ ያን ቀን አይተው ሁልጊዜ እንደዚህ ይሁን አሏት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ አላለፋትም።

ታምራት ስፖንጁን ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ይጨምቅና አንዲት ክኒን ይጥልበታል። ውሃው ቀስ ብሎ ሮዝ ይሆናል፤ ከዚያ ይደምቃል። ዓመለወርቅ ጠጋ ብላ ታያለች።

«ታምራለች» ትላለች። «ምንድን ናት?»

«በረኪናው ነው፣ እትዬ።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳታል። ዶክተሩ በየወሩ ከሦስተኛው ጠርሙስ ሕይወት ያፈሳሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በረኪናው ይገድለዋል። ስፖንጁ ውስጥ የሚቀረው በረኪና ደግሞ ወደ ዓሣዎቹ ይሄዳል። ዓመለወርቅ ጨርቁን አንድ ጊዜ ታጥፋለች፤ መልሳ ታጥፋለች።

«እሾ» ትለዋለች፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ዶክተሩ ሳያዩ ብትደፋውስ?»

መታጠቢያው ክንዱን ቢዘረጋ ይደርስበታል። ውስጥ የመሰርሰሪያው ድምፅ ይቆማል። ታምራት ብርጭቆውን ሲያይ ይቆይና የመጀመሪያውን ጠርሙስ፣ አያስፈልግም ያለውን፣ ከፍቶ ሁለት ጠብታ ያንጠባጥባል። ሮዙ ይገረጣል፤ ይጠፋል። ብርጭቆው ውስጥ ውሃ ብቻ ይቀራል።

የሚታይ ነገር የለም። ወረቀቱ ግን አሁን ስህተት ሆኗል። ታምራት ብዕሩን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ እንደገና ያነሳል። «እዚህ አያስፈልግም» የሚለውን ሰርዞ ከላዩ «ለስፖንጁ ያስፈልጋል» ብሎ ይጽፋል።

ዶክተር ጉልላት ጓንታቸውን ሳያወልቁ ይወጣሉ። ጎንበስ ብለው ያነባሉ።

«ለስፖንጁ? ስፖንጁ ምን ሆነ?»

ታምራት አፉን ይከፍታል። ዓመለወርቅ ትቀድመዋለች።

«በበረኪና እያጠብኩት ነው፣ ዶክተር። ሁልጊዜ እንደዚህ ይሁን አሉኝ። እኔም አደረግሁ።»

ዶክተሩ ነጩን ስፖንጅ በሁለት ጣት ያነሱታል፤ ከነቀሉት ጥርስ ጋር እንደሚያደርጉት ያገላብጡታል። ሽማግሌው ተራቸው የደረሰ መስሏቸው ከአግዳሚው ይነሳሉ።

«ብያለሁ» ይላሉ ዶክተሩ በመጨረሻ። ስፖንጁን ቦታው ይመልሱታል። «ከዛሬ ጀምሮ አይታጠብ። እንዳይታጠብ የምትጠብቂውም አንቺ ነሽ።»

ሽማግሌውን በክንዳቸው ደግፈው ይገባሉ።

ታምራት ስፖንጁን ከመጀመሪያው ጠርሙስ ጠብታ ባለበት ውሃ ይዘፈዝፈዋል፤ ገንዳው ውስጥም ያንጠባጥባል። ማጣሪያውን ገጥሞ ይሰካዋል፤ ሞተሩ ማጉረምረም ይጀምራል። ዓመለወርቅ ዓሣውን ከባልዲው በሁለት እጇ አፍሳ ትመልሰዋለች። ታምራት የመጨረሻውን መስመር እየጻፈ ይነግራታል፦ ስፖንጁ ሲደፈን ብቻ፣ በራሱ በገንዳው ውሃ፣ ሁለቴ ጨመቅ። ሌላ ምንም። እሺ ትለዋለች፤ ዓይኗ ገንዳው ላይ ነው።

ዓሣው መስታወቱን አንድ ጊዜ ይዞራል። ከኋላው ቀጭን የቆሻሻ ክር ተፈትሎ ይወርድና ነጮቹ ጠጠሮች ላይ ያርፋል። የዓመለወርቅ እጅ ጠጠሩን የምታጸዳበትን መረብ ከሚስማሩ ላይ ያወርዳል። መረቧ ከውሃው አንድ ጣት ከፍ ብላ ትቆማለች።