የተዘጋው ቅርንጫፍ መንገድ

በይገዙ ታክሲ ጎማ ላይ ቀይ ጭቃ መኖሩን ያስተዋልኩት በሬን ከከፈትኩለት በኋላ ነው። እሱ ከሚመጣበት ከኮሌጅ ፓርክ እስከ እኛ ሰፈር፣ እስከ ፓይን ሌክ፣ መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው። ጭቃ ያለው በድሮው የስቴት ሃይዌይ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ነው። እሱንም በፈረንጆቹ 1984 የመንገድ ቁጥሩን ሰርዘው፣ አስፋልቱን ቆፍረው ዘግተውታል። ከመዘጋቱ በፊት ይገዙ ልጄን ሳሙኤልን ገጭቶ የገደለው እዚያ ነበር። ሽማግሌዎች ሲያስታርቁን በአፌ ብቻ ይቅር ብዬዋለሁ።

"እትዬ የሺ፣ ከሃይዌዩ በየትኛውም ኤግዚት ብወጣ መጨረሻዬ እዚያ ቅርንጫፍ ላይ ነው" አለኝ።

"ተዘግቶ የለም እንዴ?"

"ተዘግቷል። ዛሬ ግን አንድ ሰው እዚያ ቆሞ አስቆመኝ። ከኋላ ተቀምጦ የእርስዎን አድራሻ ነገረኝ። ዞሬ ላየው ፈራሁ። እባክዎ ዛሬን ያሳድሩኝ።"

የታክሲው የኋላ በር ተከፈተ። ሳሙኤል ወርዶ፣ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ፣ በአጠገቤ አልፎ ገባ።

"መንገዱን ለምደኸው የለም?" አልኩት ይገዙን።

ልጄ ሳይገባ በር ቆልፌ አላውቅም ነበር። አሁን ይገዙን ደጅ ትቼ ቆለፍኩ።